ካርድ ብቻውን አይመሰክርም፦ የቅንጦት ሰዓት ዋስትናና የግዢ ማስረጃ እንዴት ይጣራል?

ሻጩ ሳጥኑን ይከፍታል። ካርድ አለ፣ ደረሰኝ አለ፣ ትንሿ መጽሐፍም አለች። «ፉል ዶክመንት ነው፣ ምንም የጎደለው የለም» ይላል። ይሁን። ግን ሰዓቱን አስመስሎ የሚሰራ ሰው ካርዱን ማተም አያቅተውም። ባዶ ሳጥን ለብቻው ይሸጣል። ካርድም ለብቻው ይሸጣል።

ፋብሪካዎቹ ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ዋስትና ሲያጣሩ ካርድ አይተው ብቻ አያበቁም። ሦስት ነገር ያስተያያሉ፦ ሰዓቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን፣ እና እነሱ ጋ ያለውን መዝገብ። ሦስቱ ከተስማሙ ነገሩ ቶሎ ያልቃል። አንዱ ካፈነገጠ ጥያቄ ይመጣል። የዚህ መመሪያ ሥራ እነዚህ ሦስቱ ከግዢው ቀን ጀምሮ እንዲስማሙላችሁ ማድረግ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እርምጃ 1፦ የትኛው ወረቀት ምን እንደሚናገር ለዩ

ሳጥኑ ውስጥ ብዙ ነገር አለ፤ ሁሉም እኩል ክብደት የለውም።

የዋስትና ካርዱ ሰዓቱ የትኛው እንደሆነና ዋስትናው ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር ይናገራል። የሞዴል ቁጥር፣ መለያ ቁጥር (ብዙዎቻችን ሲሪያል የምንለው) እና የሽያጭ ቀን ይይዛል። ሰዓቱ የማን እንደሆነ ግን ሁልጊዜ አይናገርም። ሮሌክስ ከ2020 ወዲህ የሚሰጠው ካርድ የሻጩን ሱቅ ስም እንኳ አያሳይም። መረጃው ወደ ሲስተም ገብቷል፤ ካርዱ ውስጥም ኤንኤፍሲ ቺፕ፣ ማለትም መሣሪያ ሲጠጋው የሚነበብ ትንሽ ቺፕ፣ አለ።

«የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የሚመልሰው ደረሰኙ ነው። ማን ሸጠ፣ ለማን፣ መቼ፣ በስንት። እኔ ሁለቱን አወዳድር ብባል ደረሰኙን አጥብቄ እይዛለሁ። ሰው ካርዱን እንደ ወርቅ ያስቀምጥና ደረሰኙን የሱቁ ከረጢት ውስጥ ጥሎት ይሄዳል። የባንክ ካርድ ክፍያ መዝገብም ይረዳል፤ ደረሰኙ ቢጠፋ ቀኑንና የሱቁን ስም ይመሰክራል።

ሮሌክስ ላይ የምትንጠለጠለው አረንጓዴ ማኅተም ደግሞ ሰዓቱ የፋብሪካውን የመጨረሻ ፈተና ማለፉን ነው የምታሳየው። የግዢ ማስረጃ አይደለችም። ሰዓቱ የትክክለኛነት ፈተና ማለፉን የሚያሳየው የኦሜጋ ማስተር ክሮኖሜትር ካርድም እንደዚሁ፣ ከቀይዋ የዋስትና ካርድ የተለየ ነገር ነው። ሻጭ እነዚህን እየዘረገፈ «ይኸው ዋስትናው» ቢላችሁ ቀኑ የተጻፈበትን ካርድ ጠይቁት።

እርምጃ 2፦ ከሰዓቱ በፊት ሻጩን አጣሩ

የፋብሪካ ዋስትና የሚወለደው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፦ ሕጋዊው ወኪል ሰዓቱን ሲሸጥና ቀኑን ሲመዘግብ። የኦሜጋ ዋስትና ደንብ ካርዱ በሕጋዊ ሻጭ በትክክል እና በሙሉ የተሞላ መሆን እንዳለበት በግልጽ ይናገራል። ሌሎቹም ተመሳሳይ ቃል አላቸው።

ስለዚህ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት የብራንዱን ድረ ገጽ ክፈቱ። «የሽያጭ ቦታዎች» የሚል ዝርዝር አለው። ከተማውን አስገቡና ሱቁ መኖሩን እዩ። የሱቁ መስኮት ላይ የተለጠፈ ዓርማ ማስረጃ አይደለም። የሱቁን ራሱን ድረ ገጽም አትመኑ፤ ዝርዝሩን ከፋብሪካው በኩል ውሰዱት።

ከወኪል ውጭ ያለው ገበያ፣ ማለትም ግራጫ ገበያ የሚባለው፣ ፌክ ገበያ አይደለም። ሰዓቶቹ ብዙ ጊዜ ኦሪጅናል ናቸው። ከአንዱ አገር ወኪል ተገዝተው በሌላ አገር በሌላ ሱቅ ይሸጣሉ። ሁለት ነገር ግን ይለወጣል። አንደኛ፣ የዋስትናው ጊዜ ቀድሞ መቁጠር ጀምሯል፤ «አዲስ፣ ያልተደረገ» የተባለው ሰዓት ካርዱ ላይ የዛሬ ስምንት ወር ቀን ሊኖረው ይችላል። ሁለተኛ፣ አንዳንዴ የፋብሪካው ካርድ ጭራሽ የለም፤ በምትኩ ሱቁ የራሱን ዋስትና ይሰጣል። የሱቁ ዋስትና ሱቁ እስካለ ድረስ ነው፤ ጥገናውንም ፋብሪካው አይሰራውም።

ፋብሪካዎቹ ይህን ገበያ ምን ያህል እንደሚጠሉት ለማየት የኦሜጋንና የአሜሪካውን የመደብር ኩባንያ የኮስትኮን ክርክር ማስታወስ ይበቃል። ኮስትኮ በውጭ አገር የተሸጡ ሲማስተር የተባሉ የኦሜጋ ሰዓቶችን በሌላ መንገድ አግኝቶ ከመደበኛው ዋጋ በርካሽ ሸጠ። ኦሜጋ የሰዓቱ ጀርባ ላይ የተቀረጸችውን ትንሽ የዓለም ሉል ሥዕል በቅጂ መብት አስመዝግቦ ኖሮ፣ በሷ በኩል ከሰሰ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2010 ዳኞቹ 4 ለ 4 ተከፈሉ። ከብዙ ምልልስ በኋላ በ2015 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ለኮስትኮ ፈረደ። መሸጡ ሕጋዊ ሆነ ማለት ነው። የፋብሪካውን ዋስትና ይዞ መምጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

እርምጃ 3፦ በግዢው ቀን፣ ከጠረጴዛው ሳትነሱ

እዚህ ጋ አትቸኩሉ። ሻጩ ቡና አቅርቦ ሲያጫውታችሁ ቁጥሩን ማየት ይረሳል። እናንተም ትረሳላችሁ።

መጀመሪያ ቁጥሩን ሰዓቱ ላይ ፈልጉት። ቦታው በየብራንዱ ይለያያል። በአዳዲሶቹ ሮሌክሶች ከመስታወቱ ሥር፣ የሰዓቱን ገጽ በሚከበው የውስጥ ቀለበት ላይ፣ በ6 ቁጥር በኩል በጥቃቅን ፊደል ተቀርጿል። በቆዩት ሮሌክሶች ግን ማሰሪያው ከሰዓቱ ጋር በሚያያዝባቸው ሁለት ጆሮዎች መካከል ነው። ለማየት ማሰሪያው መፈታት አለበት። ቤት ውስጥ በቢላ አትሞክሩት፤ ብረቱን ትቧጭሩታላችሁ። ካርቲዬር ላይ ከጀርባ ይገኛል። ኦሜጋ ላይ ብዙ ጊዜ ከጆሮው ጀርባ ወይም ከጀርባ ክዳኑ ላይ በጣም ደቃቅ ሆኖ በሌዘር ተጽፏል፤ የስልክ ካሜራ አጉልቶ ያሳያችኋል። ፓቴክ ፊሊፕ ሁለት ቁጥር አለው፣ የማሽኑና የአካሉ። ሁለቱም ውስጥ ስለሆኑ ሰዓት ሰሪ ካልከፈተው አይታዩም።

ከዚያ ካርዱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩት። ሮሌክስ ከ2010 ገደማ ጀምሮ ተራ ቁጥር ትቶ ፊደልና አሃዝ የተደባለቀበት ባለ 8 መለያ ይጠቀማል። 8 እና ቢ፣ 5 እና ኤስ በቀላሉ ይምታታሉ።

ቀኑን እዩ። የዛሬ ቀን ነው? በየትኛው አጻጻፍ? የአሜሪካ ሱቅ ወሩን ያስቀድማል፣ የአውሮፓና የዱባይ ሱቅ ቀኑን ያስቀድማል። 03/07 አንድ ቦታ መጋቢት ነው፣ ሌላ ቦታ ሐምሌ። አራት ወር ልዩነት አለው። ዋስትናው ሊያልቅ ሲል ይህ ቀልድ አይሆንም። ወሩ በፊደል እንዲጻፍ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ደረሰኙ ላይ ሦስት ነገር ይኑር፦ የእናንተ ስም፣ የሞዴል ቁጥር እና መለያ ቁጥር። ብዙ የሱቅ ደረሰኝ «የእጅ ሰዓት፣ 1» ብሎ ያልፋል። ይህ ደረሰኝ ስለ የትኛውም ሰዓት ሊናገር ይችላል። ቁጥሩን ጨምሩልኝ በሉ፤ ለደህና ሱቅ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ስለ ስም አንድ ለእኛ ሰው የሚሆን ነገር ልበል። ፓስፖርታችን የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም ይይዛል። የውጭ ሱቅ ኮምፒውተር ግን «የቤተሰብ ስም» ነው የሚጠይቀው። አንዱ ሠራተኛ የአባትን ይጽፋል፣ ሌላው የአያትን። የእንግሊዝኛው አጻጻፍም ይለያያል። ስለዚህ ስማችሁን በአፍ አትንገሩ። ፓስፖርቱን አውጡና እንዳለ ይቅዱት።

ዱባይ የምትገዙ ከሆነ ሌላም ጥቅም አለ። ከ2018 ጀምሮ 5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ፤ ቱሪስት ሲወጣ ተመላሽ መጠየቅ ይችላል። ለዚያ ፓስፖርታችሁ ሱቁ ውስጥ ይመዘገባል። ስማችሁንና ግዢውን የሚያገናኝ ሌላ ሰነድ አገኛችሁ ማለት ነው። ቅጂውን አትጣሉት።

እርምጃ 4፦ መመዝገብ ያለበትን መዝግቡ

ሁሉም ብራንድ ምዝገባ አይፈልግም። ሮሌክስ ከሐምሌ 2015 ጀምሮ ለሚሸጣቸው ሰዓቶች 5 ዓመት ይሰጣል። ኦሜጋ ከኅዳር 2018 ጀምሮ ሁሉንም ወደ 5 ዓመት ከፍ አደረገ። ቱዶርም ከ2020 ጀምሮ 5 ዓመት ነው፤ ለሌላ ሰው ሲተላለፍም አብሮ ይሄዳል፣ ምዝገባ የለውም።

የሪሽሞን ኩባንያ ብራንዶች ግን መንገዳቸው ሌላ ነው። ካርቲዬር፣ አይደብሊውሲ፣ ዣዤ ለኩልትር እና ፓነራይ መነሻቸው 2 ዓመት ነው። ድረ ገጻቸው ላይ ገብታችሁ መለያ ቁጥሩን ካስመዘገባችሁ እስከ 8 ዓመት ይደርሳል። በነጻ ነው። ሁለቱ ዓመት ሳያልቅ ግን መመዝገብ አለበት። ስድስት ዓመት ዋስትና ለአምስት ደቂቃ ሥራ። እና ብዙ ሰው አያደርገውም።

ይህ ምዝገባ ለፋብሪካውም ይጠቅመዋል። ሰዓቱ ከሱቅ ወጥቶ እናንተ ጋ መድረሱን መዝገቡ ያውቃል። ቁጥሩን አስገብታችሁ «ይህ ሰዓት አስቀድሞ ተመዝግቧል» ካላችሁ ደግሞ ቆም በሉ። ወይ ያገለገለ ነው፣ ወይ ቁጥሩ ተቀድቷል።

ብራይትሊንግ አንድ እርምጃ ገፍቷል። ከ2020 ጀምሮ ለአዳዲስ ሰዓቶቹ በብሎክቼይን (ማንም ለብቻው ሊለውጠው በማይችል የጋራ ዲጂታል መዝገብ) ላይ የተቀመጠ ዲጂታል ፓስፖርት ይሰጣል። ካርዱ ላይ ያለውን ኮድ በስልክ ታነቡና ባለቤትነቱ ወደ እናንተ ይዞራል። ስትሸጡት ለገዢው ታስተላልፋላችሁ። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ስልክ ሲቀይሩ የይለፍ ቃል ለሚረሱ ሰዎች ግን ሌላ የሚጠፋ ነገር ተጨመረ።

እርምጃ 5፦ ሰዓቱ ቢበላሽ፣ ጥገና ማዕከሉ ምን ያደርጋል?

ብዙ ሰው ያልገባው ክፍል ይህ ነው። ካርዱን ሰጥቶ ሰዓቱን ተረክቦ የሚወጣ ይመስለዋል።

መጀመሪያ መቀበያው ላይ ያለው ሰው የሞዴልና የመለያ ቁጥሩን ከሰዓቱ ላይ ያነባል። ከካርዱ አይደለም፣ ከሰዓቱ። ወደ ሲስተም ያስገባዋል። መዝገቡ ሰዓቱ ምን ዓይነት እንደሆነና መቼ እንደተሸጠ ይነግረዋል። ብረት ሰዓት የነበረው ወርቅ ሆኖ ከመጣ፣ ወይም ሰማያዊ ገጽ የነበረው ሌላ ቀለም ካለው፣ ገና ሳይከፈት ጥያቄ ተነሳ ማለት ነው። ቁጥሩ ተፍቆ ወይም ጠፍቶ ከሆነማ ዋስትናው እዚያው ላይ ያበቃል።

ቀጥሎ ካርዱ ይታያል። ቀኑ፣ ቁጥሩ፣ ስርዝ ድልዝ መኖር አለመኖሩ።

ከዚያ ወደ ውስጥ ይገባል። ሰዓት ሰሪው የጀርባ ክዳኑን ይከፍታል። ማሽኑ የዚያ ሞዴል ማሽን ነው? ሌላ ሰው ከዚህ በፊት ከፍቶታል? የብሎን ራስ ላይ ያለች ትንሽ ጭረት፣ ያልተለመደ ቅባት፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ክፍል ሁሉም ይናገራሉ። ሰፈር ውስጥ ባትሪ የሚቀይር ጎበዝ ሰዓት ሠሪ ይኖራችኋል። ዋስትና ያለውን ሰዓት ግን እሱ ጋ አትውሰዱት። ጥሩ ቢሰራም ዋስትናውን ያስቀራል።

ትልቁ ወጥመድ የተጨመረ ጌጥ ነው። ዱባይም፣ ኒውዮርክም፣ ሰዓት ላይ አልማዝ የሚደረድሩ ሱቆች አሉ። አልማዙ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። የሮሌክስ አልማዝ ግን አይደለም። የሮሌክስ ደንብ ከእሱ ያልመጣ ክፍል መተካት ወይም መጨመር ዋስትናውን እንደሚያሳጣ ይናገራል። ዋስትና ብቻ አይደለም፤ እንዲህ የተለወጠ ሰዓት በክፍያም ቢሆን ለጥገና ላይቀበሉት ይችላሉ። ገጹን ማስቀየርም፣ ብረቱን ጥቁር ማስቀባትም ያው ነው።

ከዚያ ቅሬታው ራሱ ይለካል። ሰዓቱ መለኪያ ማሽን ላይ ይቀመጣል። እዚህ ጋ ብዙ ክርክር አለ። «ሰዓቴ በቀን አንድ ሰከንድ ይቀድማል» ብላችሁ ሮሌክስ ብትወስዱ ደህና ነው ይሏችኋል። የራሱ መስፈርት በቀን ከ2 ሰከንድ መዘግየት እስከ 2 ሰከንድ መቅደም ነው። የስዊዘርላንዱ ይፋዊ የክሮኖሜትር፣ ማለትም በትክክለኛነቱ የተፈተነ ሰዓት፣ ተቋም ደግሞ 4 ሰከንድ መዘግየት ወይም 6 ሰከንድ መቅደም ይፈቅዳል። የኦሜጋ ማስተር ክሮኖሜትር ከ0 እስከ 5 ሰከንድ መቅደም ነው፤ መዘግየት የለም። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የእናንተን ሰዓት መስፈርት እወቁ። ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ ከስልክ ሰዓት ጋር አስተያይታችሁ ጻፉት። ይህች ወረቀት ከብዙ ንግግር ትበልጣለች።

በድንገት በጣም መቅደም የጀመረ ሰዓት ብዙ ጊዜ ማግኔት ነክቶታል። ከድምጽ ማጉያ፣ ከቦርሳ መዝጊያ፣ ከታብሌት ሽፋን። ማግኔቱን ማስለቀቅ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የፋብሪካ ጉድለት ተብሎ አይቆጠርም። የኦሜጋ ማስተር ክሮኖሜትር ሰዓቶች እስከ 15,000 ጋውስ (የማግኔት ኃይል መለኪያ ነው) እንዲቋቋሙ ስለሚፈተኑ እዚህ ጋ ሌላ ቦታ ላይ ናቸው።

ውሃ ከገባበትስ? መስታወቱ ውስጥ ጤዛ ካያችሁ ያን ቀን ውሰዱት፤ ዝገት አይጠብቅም። መልሱ ግን ጎን ላይ ባለችው መሙያ ላይ ይንጠለጠላል። ሳትዘጋ ከተዋኛችሁ ጥፋቱ የእናንተ ነው። ውሃ የሚከለክለው የውስጥ ጎማ ከፋብሪካ ጉድለት ካለው የእነሱ ነው። ሰዓት ሰሪው ዝገቱ የጀመረበትን ቦታ አይቶ ይለያል። የወደቀ ሰዓት፣ የተሰበረ መስታወት፣ ያለቀ የቆዳ ማሰሪያ፣ የጠፋ ወይም የተሰረቀ ሰዓት በዋስትና አይሸፈኑም። እሱ የኢንሹራንስ ጉዳይ ነው።

በመጨረሻ የዋጋ ግምት ወይም «በዋስትና የተሸፈነ» የሚል ወረቀት ይመጣል። ሰዓቱን ስታስረክቡ የተሰጣችሁን የመረከቢያ ወረቀት እዩት፤ መለያ ቁጥሩ ይኑርበት። ካርዱንም ከሰጣችሁ ካርድ መረከባቸው ይጻፍ።

ጥገናው ካለቀ በኋላ የሚሰጣችሁን ሰነድ አትናቁት። ሮሌክስም ኦሜጋም ለሙሉ ሰርቪስ የ2 ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ። ከዚያ በላይ ደግሞ ፋብሪካው ሰዓቱን ከፍቶ፣ አይቶ፣ የእኔ ነው ብሎ ተቀብሏል። ስትሸጡት ይህ ወረቀት ከሳጥኑ ይበልጣል።

አውሮፓ የምትኖሩ አንድ ነገር ያዙ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች አዲስ ዕቃ የሸጠላችሁ ነጋዴ በሕግ የ2 ዓመት ኃላፊነት አለበት። ከፋብሪካው ዋስትና የተለየ ነው፤ ለእሱ የሚያስፈልጋችሁ ደረሰኙ ነው።

እርምጃ 6፦ ካርዱ ከጠፋ

መጥፎው ዜና ሮሌክስ ምትክ ካርድ አይሰጥም። ፓቴክ ፊሊፕም ከአዲስ ሰዓት ጋር የሚሰጠውን የትውልድ ምስክር ወረቀት አንዴ ነው የሚያወጣው። ምትክ ቢኖር አጭበርባሪዎች ቀድመው ይሰለፉ ነበር።

ደህናው ዜና፣ ካርዱ ቢጠፋም መዝገቡ አልጠፋም። ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ወደሸጠላችሁ ሱቅ ሂዱ። ሽያጩን ከራሱ ሰነድ አውጥቶ ሊያረጋግጥላችሁ ይችላል። ያንን ይዛችሁ ጥገና ማዕከሉን ጠይቁ። መቀበል አለመቀበል የእነሱ ውሳኔ ነው፤ ባዶ እጅ ከመሄድ ግን በብዙ ይሻላል።

ለቆዩ ሰዓቶች ደግሞ የማህደር ማስረጃ የሚባል ነገር አለ። ፓቴክ ፊሊፕ ከድሮ መዝገቡ ላይ የማሽኑንና የአካሉን ቁጥር፣ የተሰራበትንና የተሸጠበትን ቀን ጽፎ በክፍያ ይሰጣል። የመጀመሪያውን ገዢ ስም አይነግራችሁም። ሮሌክስ ይህን አገልግሎት አይሰጥም።

ማህደርም ቢሆን የመጨረሻ ቃል አይደለም። በኅዳር 2021 ጄኔቫ ላይ አንድ የ1957 ኦሜጋ ስፒድማስተር በፊሊፕስ ጨረታ ከ3 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጠ። የገዛው ኦሜጋ ራሱ ነው፣ ለሙዚየሙ። በ2023 ሰዓቱ ከተለያዩ ሰዓቶች ክፍሎች የተገጣጠመ መሆኑ ወጣ። ኦሜጋም የቀድሞ ሠራተኞቹ እጃቸው እንዳለበት አመነ። መዝገብ ቁጥርን ይይዛል፤ እያንዳንዱ ብሎን ከዚያ ቁጥር ጋር መወለዱን አይነግራችሁም። ፋብሪካው ራሱ ከተታለለ እኛ ፎቶ አይተን ገንዘብ የምንልክበት ምክንያት የለም።

እርምጃ 7፦ ያገለገለ ሰዓት ልትገዙ ከሆነ

«ቁጥሩን አስገባና እይ» የሚሉ ድረ ገጾች አሉ። አብዛኞቹ የሚነግሯችሁ ግምታዊ የተሰራበትን ዓመት ነው። ሮሌክስ ማንም ገብቶ ቁጥር የሚያጣራበት ገጽ የለውም። ለእንዲህ ዓይነት አገልግሎት አትክፈሉ።

ፌክ ሰሪዎች ከኢንተርኔት ፎቶ ላይ እውነተኛ ቁጥር ወስደው በብዙ ሰዓት ላይ ይቀርጻሉ። ቁጥሩ «ትክክል» ይሆናል፣ ሰዓቱ ግን ፌክ ነው። ሻጮች ቁጥሩን በፎቶ ላይ የሚሸፍኑት ለዚህ ነው፤ ሸፈነ ብላችሁ አትጠርጥሩት። እናንተም ፎቶ ስትለጥፉ ሸፍኑት።

ትክክለኛው መንገድ ሻጩን «ክፍያው ብራንዱ ጥገና ማዕከል ውስጥ ይሁን» ማለት ነው። አብራችሁ ሂዱ። ለምርመራ ወይም ለሰርቪስ ይቀበሉትና ይክፈቱት። ኦሪጅናል የያዘ ሻጭ ለአንድ ቀን አይቸገርም። «ዛሬ ማታ እበራለሁ፣ ሌላ ገዢ አለ» የሚለውን ግን በሰላም ይብረር በሉት።

ማዕከል በሌለበት ከተማ ከሆናችሁ ሮሌክስ በታኅሣሥ 2022 ቡሸረር ከሚባለው ሰዓት ሻጭ ሱቆች የጀመረው የተረጋገጠ ያገለገለ ሰዓት ፕሮግራም አለ። ሮሌክስ እውነተኛነቱን አረጋግጦ አዲስ ካርድና የ2 ዓመት ዋስትና ይሰጠዋል። ዋጋው ከግለሰብ ይበልጣል። ልዩነቱ የመዝገቡ ዋጋ ነው፤ እኔ ተገቢ ነው እላለሁ።

እርምጃ 8፦ ስጦታና ውርስ

ከሪያድ ወይም ከዋሽንግተን ወንድም ሰዓት ይልካል። ካርዱ አለ፣ ደረሰኙ ግን እሱ ጋ ቀረ፤ ዋጋው እንዳይታይ ብሎ። ይገባኛል፣ ባህላችን ነው። ቢያንስ ዋጋውን ሸፍኖ ቅጂ ይላክላችሁ፣ ዋናውን እሱ ያስቀምጥ። ሁለት መስመር ደብዳቤም ይጨምር፦ ይህ ቁጥር ያለውን ሰዓት ለእገሌ በስጦታ ሰጥቻለሁ፣ ቀን፣ ፊርማ። ዓለም አቀፍ ዋስትና ከሰዓቱ ጋር ስለሚሄድ በሌላ አገር ማዕከልም ይሠራል። ባለቤትነት ጥያቄ ሲነሳ ግን የሚናገረው ይህ ወረቀት ነው።

ባለቤትነት ከእውነተኝነት የተለየ ጥያቄ መሆኑን የሚያሳይ የእኛው ታሪክ አለ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረ የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ በ2015 ጄኔቫ ላይ በክሪስቲስ ጨረታ ሊሸጥ ተዘጋጀ። ሰዓቱ የእሳቸው መሆኑን የተጠራጠረ የለም። የንጉሡ ወራሾች የባለቤትነት ጥያቄ አነሱና ከጨረታው ወጣ። የተሸጠው በ2017 ነው፣ ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ። የንጉሠ ነገሥት ሰዓት እንኳ «ከማን እጅ ወደ ማን እጅ?» ተብሎ ሁለት ዓመት ቆሟል።

ስለዚህ አባት ለልጅ ሲያወርስ ቁጥሩ በኑዛዜው ላይ ይጻፍ። «ሰዓቴን ለልጄ» አይበቃም፤ ሁለት ሰዓት ካለውስ?

እርምጃ 9፦ የተሰረቀ ሰዓት

ሰዓቱ ቢሰረቅባችሁ መጀመሪያ ፖሊስ ጋ ሄዳችሁ የመለያ ቁጥሩ የተጻፈበት ሪፖርት አውጡ። ከዚያ ለብራንዱ አሳውቁ፤ ቁጥሩን ይመዘግቡታል። አንድ ቀን ያ ሰዓት ለሰርቪስ ሲመጣ ሲስተሙ ላይ ምልክቱ ይወጣል። ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ የየአገሩ ሕግ ይወስነዋል።

ሁለት የውጭ መዝገቦችም አሉ። ለንደን ያለው ዘ ዋች ሬጅስተር ከነጋዴዎችና ከጨረታ ቤቶች ጋር ይሠራል። ሪሽሞን በ2023 የጀመረው ኤንኳይረስ ደግሞ የየትኛውንም ብራንድ የተሰረቀ ሰዓት በነጻ ያስመዘግባል፤ ያገለገለ ልትገዙ ስትሉም ቁጥሩን እዚያ ማየት ትችላላችሁ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ቁጥሩን ካወቃችሁት ነው። ካርዱ ሳጥኑ ውስጥ፣ ሳጥኑ ሰዓቱ ከነበረበት መሳቢያ ውስጥ ከነበረ ሌባው ሁሉንም አብሮ ወስዶታል። ካርዱን በሁለቱም ገጽ፣ ደረሰኙን፣ ሰዓቱ ላይ ያለውን ቁጥር ፎቶ አንሱና ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩት። ካርዱንም ከሰዓቱ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጡት።